የአረፋ ዋዜማ እራት በአዲስ አበባ

ለተከበሩ የዘቢዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ግድግዳ ብቻ ለሚለያቸው የሕዝብ ግንኙነትና የገቢ ማሰባሰቢያ ክፍሎችም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ ለየብቻ እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ጉንችሬ ላይ ጨርቅ የምሸጥ፣ ልጄን ባሂራን ለእናንተ አደራ የሰጠሁ አባት ነኝ። የሴቶች ማደሪያው ስላልተሠራ ከተማው ዳር ቤት ተከራይታ፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ብቻዋን ትመለሳለች። ገባሁ ብላ እስክትደውል እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ቃላቴ ቢቸኩሉ ይቅርታዎን አይንፈጉኝ።

አንደኛ፦ የገቢ ማሰባሰቢያ ክፍልዎ የመርካቶ ነጋዴዎቻችን ለማደሪያው እንዲያዋጡ በአረፋ ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ እራት ስላዘጋጀ ከልብ አመሰግናለሁ። የእኛ ሰው ለአረፋ ሱቁን ዘግቶ አገሩ እንደሚገባ እዚህ የማያውቅ ሕፃን የለም። ያን ዕለት ወንድሜ ሙከሚል ከመርካቶ ጓደኞቹ ጋር በመንደራችን ሜዳ፣ በጀፎረው ላይ ተቀምጦ ለአገራችን ምን እንሥራ እያለ ሲመክር፣ የእናንተ አስተናጋጆች ባዶ ወንበር ሲያስተናግዱ አመሹ።

ሁለተኛ፦ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ በዚያው ሰሞን ወደ አገራችን የሚያስገባውን መንገድ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ በሚል ባነር ስላስጌጠልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። እንግዶቹ እንደሚመጡ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ መንገር ግን ምስጢር ማውጣት መስሎት ይሆናል። ስለ ማደሪያው ባነሩ ላይ አንድ ቃል አልነበረም፤ ቦታውን የእርስዎ ፎቶ ይዞታል።

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ላስረዳ ቡታጅራ ድረስ ብመጣ አንደኛው ክፍል ወደ ሌላኛው ላከኝ፣ ሌላኛውም መለሰኝ። እግሬን ስላፍታታችሁልኝ አመሰግናለሁ። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል።

እባክዎ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡልን። ለመጪው አረፋ ሁለቱም አብረው ወደ ጀፎረው ይምጡ፤ ምንጣፉን እኛ እናነጥፋለን።

ደጅዎን መጥናት ያልሰለቸው፣ የክቡርነትዎ አክባሪ
ዑመይር ሸምሱ፣ ከጉንችሬ

ማሳሰቢያ፦ ከፈረምኩ በኋላ ባሂራ ትምህርቷን አቋርጣ ሻንጣዋን ይዛ ቤት ገባች። ትናንት ማታ ሰው እስከ በሯ ተከትሏት ነበር። ማደሪያው ሲያልቅ ይደውሉላት። ስልክ ቁጥሯን ለመፈለግ አይድከሙ፤ አንዱ ክፍል ለማስታወቂያ ቪዲዮ፣ ሌላው ለጋሾችን እንድታመሰግን ጠርተዋት ስለነበር ሁለቱም ጋ አለ።