ገመናህን እንዲናገሩ ፍቀድልኝ

ውድ ሳኒ፣

የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ይህን የምጽፍልህ ከሱቅህ፣ ልብስ ትቆርጥበት ከነበረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። ጽሕፈቴን ብታየው እንደምትስቅ አውቃለሁ። መሠረተ ትምህርት ስማር «የቀመሪያ ፊደል አንድ እግሩ አጭር ነው» እያልክ ደንበኛ ሁሉ ታስቅብኝ አልነበር? ሳቅ እንግዲህ። የምጠይቅህ ነገር ግን አያስቅም።

ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ። የደበደበህ ሃምሳ አለቃ ተከሶ ይቀርባል። ምስክር ካልተሰማበት ፋይሉ ይዘጋል፣ እሱም ነገ ወደ ጣቢያው ይመለሳል። ያለን ምስክር ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ያላንተ ፈቃድ አልናገርም ብለዋል። ሙት እንዴት ይጠየቃል እንዳትለኝ፤ ከሥሩ ልንገርህ።

አምና የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተሰብሮ አቡጀዲ ሲሰረቅ፣ አንተ ደንበኛህ ያመጣልህን አንድ ጣቃ አቡጀዲ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ ተገኘህ። «የደንበኛ ነው» ብትል ማን ይስማህ! ሜትርህ አንገትህ ላይ እንደተንጠለጠለ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱህ። ምሳ ባመላለስኩ ቁጥር ሰሃኑን ተቀብለው ባዶውን ይመልሱልኛል እንጂ ፊትህን አላሳዩኝም። ምግቡን ማን እንደበላው አላህ ይወቀው።

ጁምዓ ዕለት ለቀቁህ። ግድግዳ እየያዝክ ነው የገባኸው። «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ስጮህ፣ «ደረጃ አዳልጦኝ ነው፤ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አልከኝ። እግርህን በሞቀ ውሃ ልጠብህ ብል ካልሲዬን አላወልቅም ብለህ ድርቅ አልክ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምንህ፣ «ተይኝ ቀመሪያ፣ እንቅልፍ ከወሰደኝ ይሻለኛል» አልክ። አይ አንተ! ሸሚዝህን ሳትቆልፍ በር ከፍተህ የማታውቅ ሰው፣ ስቃይህንም ቆልፈህ ያዝከው። እሑድ ጠዋት ሻይ ይዤ ስቀሰቅስህ አልነቃህም።

ሬሳ አይቆይም ተብሎ የዚያኑ ዕለት ኮልፌ ተቀበርክ። ያጠቡህ ሸህ ሁመድ ናቸው፤ ጌጃ ሰፈር ፍራሽ የሚሰፉት፣ የሰፈሩን ሙት ሁሉ የሚያጥቡት የወሎው ሽማግሌ። አጥበውህ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እኔም ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

ከወር በኋላ የኅብረት ሱቁ ዘበኛ ራሱ ከነአቡጀዲው ተያዘ። ደሜ ፈላ። ጣቢያ ሄጄ «ንጹሕ ሰው ነው የገደላችሁት!» ብዬ ጮህኩ። ሃምሳ አለቃው ጥርሱን እየፋቀ፣ «ከእኛ እጅ በእግሩ ነው የወጣው። ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ገባህ ሳኒ? ገዳይህ እኔ ሆንኩልህ።

እያለቀስኩ ስመለስ ያገኘችኝ የግድግዳ ጎረቤታችን ጠጅቱ ናት። «እኔ ለልደታ ማርያም እሳልልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ ማመልከቻ አስጽፊ» ብላ ጎትታ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ ወሰደችኝ። ዓቃቤ ሕጉ አቶ ፍሰሐ ይባላል፤ ገና ልጅ ነው። «ፖሊስም ቢሆን የያዘውን ሰው መደብደብ ወንጀል ነው፤ ይከሰሳል፣ ካሳም ይጠየቅበታል» ሲለኝ ጆሮዬን አላመንኩም። በዚህ ዘመን! ቀጥሎ ግን «የሐኪም ማስረጃ አለሽ?» አለ። የለኝም። «እንዴት ሐኪም ሳያየው ትቀብሩታላችሁ?» አለ። እኛ ሙታችንን አናሳድርም። አሁን መቃብሩ ቢከፈት እንኳ ቆዳ ላይ የነበረ ምልክት አይገኝም አለኝ። «ገላውን ያየ ሰውስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የሸህ ሁመድ ፊት መጣብኝ።

በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «ሙት አማና ነው፣ አደራ። አጣቢ ያየውን ይሸፍናል። ዛሬ የሳኒን ገመና ባወራ፣ ነገ ማን ነው ሬሳውን አምኖ የሚሰጠኝ?»

«የገደሉትም እኮ ዝም በይ ነው የሚሉኝ! እርስዎም ከእነሱ ጋር ሊሆኑ ነው?»

ክፉ ቃል ነበር፤ አመለጠኝ። መርፌያቸውን ፍራሹ ላይ ሰኩና አለቀሱ። «ካየሁት ውስጥ ወንድ ልጅ ለሚስቱም የማያሳየው አለ» አሉኝ።

ወላሂ ሳኒ፣ የዚያን ዕለት ልተወው ነበር። አንተ ከእኔ የደበቅኸውን እኔ እንዴት አደባባይ አወጣዋለሁ ብዬ ለአቶ ፍሰሐም ይቅርብኝ ልለው ቆርጬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን የጠጅቱ ባል ዘነበ ከሰው ተጣላህ ተብሎ እዚያው ጣቢያ አደረ። ሲመለስ እሱም ግድግዳ ይዞ ገባ። ጠጅቱ «እግሩን አላሳይም አለኝ» ስትለኝ በራሴ አልነበርኩም። ዘልዬ ገባሁና፣ ነውር በለው ምን በለው፣ የሰው ባል ካልሲ በገዛ እጄ ሳብኩ። ያየሁትን አልነግርህም፤ አንተ ታውቀዋለህ። «ሐኪም ቤት! አሁኑኑ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤትም ይስማ፣ አገርም ይስማ! ዛሬ ዘነበ በሕይወት አለ። የሐኪም ማስረጃም በእጁ ነው። ነገር ግን ይፈራል። «የሳኒ ሚስት ከስሳ ምን አገኘች?» ይላል። የዛሬው ፋይል ከተዘጋ እሱም አፉን አይከፍትም፤ ከእሱ ቀጥሎ እዚያ የሚገባውም እንዲሁ።

ይህንኑ ለሸህ ሁመድ ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ምስክርነትን መደበቅም አላህ ዘንድ ወንጀል ነው» አሉ። «በሁለት እሳት መሀል አስገባሽኝ። ገመናው ግን የእሱ እንጂ የእኔም ያንቺም አይደለም። ራሱ ሳኒ ከፈቀደ እናገራለሁ። ሚስቱ ነሽ፤ ጠይቂውና ያለሽን ንገሪኝ።»

«ሙት በምን አፉ ይመልሳል?»

«የሱን ልብ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ እኔ የማውቀው ገላውን ብቻ ነው።»

ሳኒዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተቆጥቼህ አላውቅም ብል እዋሻለሁ፤ እንደዚህ ግን ተቆጥቼህ አላውቅም። ለእኔ ብታሳየኝ ምን ነበረበት? አቅፌህ አለቅስ ነበር፣ ተሸክሜህም ቢሆን ሐኪም ቤት አደርስህ ነበር። እንዳላዝን ብለህ ነው አይደል? ይኸው አዝኛለሁ! ዛሬ ደግሞ ከሰው አፍ ልሰማው ነው። እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ጠጅቱ እጅሽን እይዝልሻለሁ ብላኛለች። አቶ ፍሰሐ በዝግ ችሎት እንዲሰማ ለዳኛው እጠይቃለሁ ብሏል፤ ይፍቀዱ አይፍቀዱ አይታወቅም። ካልፈቀዱ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ሁሉ፣ አንተ የሰፋህለትን ሱሪ ለብሶ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አዋረድሽኝ ትለኝ ይሆናል። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን የተዋረደው አንተን የመታህ እጅ ነው።

አባቴ ሁለት ምስክር አስከትሎ ጓዳ የገባበትን ቀን አስበው። አንተ ሳሎን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠህ ነበር። «ልጄ፣ ለሳኒ ብድርሽ ትፈቅጃለሽ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። እኔ ልቤ እልል እያለ፣ ሻሼን አፌ ላይ ይዤ ጭጭ አልኩ። አባቴም ወጥቶ «ፈቅዳለች» አላችሁ፤ የልጃገረድ እሺታ ዝምታዋ ነውና። ሌላ ቃል የጠየቀኝ የለም። በዚያች ዝምታ ሚስትህ ሆኜ ኖርኩ፤ አንድም ቀን አልተጸጸትኩባት።

ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።

ሳኒ፣ ሸህ ሁመድ ያዩትን እንዲናገሩ ትፈቅዳለህ?

ሳኒ፣ ይናገሩ ወይ?

ሳኒዬ፣ ይናገሩ?

ሸህ ሁመድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው የሱቁ በር ላይ ቆመዋል። ወጥቼ «ፈቅዷል» እላቸዋለሁ።

ሚስትህ ቀመሪያ
ጠመንጃ ያዥ፣ ሚያዝያ 1975 ዓ.ም.