አቦ ጋር ድምፁ የሚቀነሰው ዘፈን

ውድ ሮበሌ፣

ትናንት ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ነፋሱ ግን የጀሞን አቧራ እስከ አራተኛ ፎቅ ያመጣው ነበር። ሳሎን ውስጥ ልጃችን ያኤል፣ እጮኛዋ ኢያቄም፣ ወንድምህ በንቲ፣ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ዲጄና እኔ ነበርን። ካረፍክ አራተኛ ዓመትህ ነው፤ ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር ግን ጉድለትህ ይብስብኛል።

የያኤል መልስ ጥር ውስጥ ነው። ሙሽራ ከአባቷ ጋር መጨፈር አሁን ተለምዷል፤ ባንተ ቦታ በንቲ እንዲነሳ ተስማምተን ነበር። እሷ ደግሞ "አባዬ ታክሲው ውስጥ ይከፍተው በነበረው ሬጌ ካልሆነ" አለች። መራጯ እኔ ሆንኩ፤ ጋቢና ካንተ አጠገብ ስቀመጥ የኖርኩት እኔ ነኛ።

ችግሩ፣ የአንዱንም ዘፈን ስም አላውቅም። ፊደል የለየሁት ታክሲህ ውስጥ ከተለጠፉት ጥቅሶች ነው፤ ካሴቶቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር፤ እነሱም ከመኪናው ጋር ሄደዋል። እኔ ዘፈኖቹን የማውቃቸው በመንገዱ ነው። ከጀሞ በተነሳህ ቁጥር ካሴቱን ከመጀመሪያው ስለምታስጀምረው፣ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ሰፈር ነበረው።

"እናቴ፣ ዘፋኙ ማነው?" አለኝ ዲጄው።

"ወንድ ነው።"

ኢያቄም ሳቁ አመለጠው።

"እሺ፣ እንዴት ነው የሚሄደው?"

"መካኒሳ ስንገባ ከበሮው ይቀድማል። አቦ ጋር ስንደርስ ድምፁ ይቀንሳል።"

"ዘፈኑ ራሱ ነው የሚቀንሰው?"

"አይ፣ ሮበሌ ነው የሚቀንሰው።"

ቤተ ክርስቲያኑን ስታልፍ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ታማትብ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘፈን መሃሉን በቅጡ ሰምቼው አላውቅም። መጀመሪያውን አንጎራጎርኩለት። ሰው ፊት ድምፄን ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ዲጄው አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፤ በመጨረሻ ያኤል "ይሄ ነው!" ብላ ብድግ አለች።

ከዚያ መሃሉ መጣ። ለካ ሴቶች ይቀበሉታል! እሱ ይላል፣ እነሱ ይመልሱለታል። ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ነበሩ። ልነግርህ ወደ ግራዬ ዞርኩ። ግድግዳ ነው።

"ሙሽራ ነው የምንድረው ወይስ ታክሲ ነው የምንጭነው?" አለ በንቲ።

"አጎቴ፣ ተው እንጂ!"

"የለም የለም። በዚህ ሽበቴ ዘመድ አዝማድ ፊት በዚህ ነገር አልወዛወዝም። ወይ ዘፈኑን ቀይሩ፣ ወይ ሰው ቀይሩ።"

ያኤል አቀረቀረች። "እሺ፣ ዘፈኑ ይቀየር" አለች ቀስ ብላ። ዲጄው ዘጋው። እኔም እንደ ልማዴ ኩባያ መሰብሰብ ያዝኩ።

ሲሄዱ ኩባያዎቹን አጠብኩ። ከጥር በኋላ የማጥበው አንድ ኩባያ ነው። በየሠርጉ የጨፋሪዎችን ቦርሳ ታቅፌ የምቀመጠው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ አንተ እጄን ስበህ እንኳ አስነስተኸኝ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ያኤል ሳትነሳ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ለዲጄው ደወልኩና "ያንን ዘፈን መልሰው፤ መሃሉም እንዳይቆረጥ" አልኩት። ለበንቲ ደወልኩ፤ እንደፈለገው ሰው መቀየሩን ነገርኩት። ከዚያ ታክሲ ይዤ የመልሱን ቀሚሴን ወደምትሰፋልኝ ወደ ተናኘወርቅ ሄድኩ።

"ከታች አሳጥሪልኝ" አልኳት።

"ምነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ ያልሽው ራስሽ አይደለሽ?"

"እግሬን እንዳይዘኝ ነው። ልጨፍርበት ነው።"

ከንፈሯ ላይ የያዘችውን መርፌ አወጣች። "አንቺ?"

"እኔ። ከልጄ ጋር።"

ሜትሯን ይዛ ተንበረከከች። ቀጥ ብዬ ቆምኩላትና ለካችኝ።

በሰላም እረፍ።

ያንተው አማከለች