መቀነትሽና የልጄ በረት

ለእምዬ፤

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት፤ መልሱን ማን ያመጣልኛል። ይልቅ እኔ ደህና መሆኔን ልንገርሽ። ለወጉ ያህል አይደለም፣ እውነቴን ነው። ካረፍሽ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እያልኩ ስዋሽ ከርሜ ነበር፤ አሁን ግን የምለው ከሆዴ ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ወሬ ከዳር ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ቤታችን ያው ፍኖተ ሰላም ያየሽው ቤት ነው። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ አውጥቼ በሩ አጠገብ አድርጌያታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ የበሩ ብርሃን ይበቃኛል። ባሌ ደሳለኝ አሁንም ቡሬ ያስተምራል። መንገዱ ደህና ሲሆን ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ ካልሆነ በስልክ ሲጨቀጭቀኝ ያመሻል። ያብስራ ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። አንቺ የታቀፍሽው ልጅ አንገቱ ገና ያልጠና ነበር፤ አሁን የጎረቤት ዶሮ ያባርራል። አገጩ ቁርጥ ያንቺ ነው። ሲኮርፍም አንቺን ነው የሚመስለው፣ ይህን ስልሽ እንዳትቆጪ።

ቤቱ ውስጥ አዲስ ነገር ቢኖር በረቱ ነው። በረት ያሉት ጎረቤቶች ናቸው፣ ስሙም እንደዚያው ቀረ። አራት ጎን ያለው፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ የእንጨት አጥር ነው። በር አለው። ከብት ግን አይገባበትም፣ የልጅ ልጅሽ ነው የሚገባበት። ጉድ አትበይ፣ ላስረዳሽ።

በዘጠኝ ወሩ መዳህ ጀመረ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰሞን ነበር፣ ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ የለኝም። አንድ ቀን የከሰል ካውያዬን መሬት አስቀምጬ ክር ልበጥስ ዞር አልኩ። ስመለስ ልጄ ካውያዋ ፊት ቁጭ ብሎ በቀዳዳዋ ፍሙን ያያል፤ እጁን ዘርግቷል። የቀረው ስንዝር አይሞላም። ጮኼ አነሣሁት፤ እሱ የደነገጠው ከጩኸቴ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ሌላ ሸሚዝ አልሰፋሁም። ልጄን ታቅፌ ከበሩ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ።

በማግስቱ አንዲት ደንበኛዬ ስልኳ ላይ የእንዲህ ያለ አጥር ፎቶ አሳየችኝ። ለሰፈራችን አናጢ ወስጄ አሳየሁት። አገላብጦ አየና ስንት በግ ነው የሚገባበት ብሎ ጠየቀኝ። ለልጅ ነው ስለው ሳቀ፣ እሺም አለ፤ ልቡ ግን ከበጉ አልወጣም መሰለኝ፣ ሠርቶ ሲያመጣው ያብስራ በእንጨቶቹ መካከል ጭንቅላቱን ያሾልካል። አስመለስኩት። ክፍተቱን በጭብጤ ለክቼ፣ ስንጥር እንዳይወጋው እንጨቱን በደንብ አስልጌ እንደገና አሠራሁት።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። አንዷ ጎረቤቴ ልጅ በእንጨት መሀል ካደገ እግሩ ይሰንፋል አለች። ሌላዋ ደግ አደረግሽ ብላ የራሷን ልጅ ጨምራ አስገብታልኝ ገበያ ሄደች። ደሳለኝ ዓርብ መጥቶ ሲያየው ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ ልጄን አሰርሽው አለኝ። ይህቺ አሰርሽው የምትል ቃል እንዴት እንደጠቀጠቀችኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፣ በሷ ግን አለቀስኩ። ደሳለኝ ግራ ገባው። እሱ ስለ እንጨት ነው ያወራው፤ እኔን ያስለቀሰኝ ያንቺ ነገር ነው።

የክርስትናውን ቀን አስታውሺ። አንቺም ከጅጋ ማዶ ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ፣ አብረውሽ ከመጡት ጎረቤትሽ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ጥግ ይዘሽ ተቀምጠሻል። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አንዲት ደንበኛዬ ስፌቱንና ልጁን እንዴት አድርገሽ ልትችይው ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ጨዋታ አዋቂ ልሁን ብዬ፣ ምን ችግር አለ፣ እናቴ እኔን ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እንደ ጥጃ በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር ታስረኝ ነበር፣ እኔም ከመኪናዬ እግር አስረዋለሁ አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ዞር ብዬ ሳይሽ ነጠላሽን እያስተካከልሽ ነበር። ጥቂት ቆይተሽ ተነሣሽ። ላሟ ለመውለድ ዛሬ ነገ የምትል ናት፣ ልሂድ አልሽ። ብለምንሽ፣ ብይዝሽ እምቢ አልሽ። ወጡ እንኳ ገና አልቀረበም ነበር።

እኛ አገር ቅር የተሰኘ ሰው ቅር ብሎኛል አይልም። ከብት ልያዝ ይላል፣ እንግዳ ይመጣብኛል ይላል። እኔም የላሟን ነገር እንደዚያ ሰማሁት። እናቴን በሰው ፊት አዋረድኳት፣ ልጇን እንደ ከብት ያሰረች አስመሰልኳት፣ እሷም እህል ሳትቀምስ ከቤቴ ወጣች አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ተነጋገርን። ስለ ውቂያው፣ ስለ ያብስራ ጡት አጠባብ፣ ስለ ጉልበትሽ። ላሟ ወለደች ወይ ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። የሰበብ ላም ምን ብዬ እጠይቃለሁ። ለፋሲካ ስመጣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ እላታለሁ ብዬ ነገሩን አቆየሁት። ፋሲካ ሳይደርስ ወንድሜ ደወለ። ሁለት ቀን ብቻ ታመምሽ አሉኝ።

ለቅሶሽ ላይ ሰው ሁሉ ደግነትሽን እያነሣ ያለቅሳል፤ እኔ የማስበው ነጠላሽን ያስተካከልሽበትን ደቂቃ ነው። ልብስሽ ሲከፋፈል መቀነትሽ ለእኔ ደረሰኝ። ያው መቀነት ይሁን ሌላ አላውቅም። ሳጥኔ ውስጥ ከታች ከተትኩትና ልብስ ደረብኩበት፤ ላየው አልቻልኩም።

እንግዲህ በረቱን ያሠራሁት ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው። ልጄን ባስገባሁት ቁጥር አንቺን ሰው ያሳቅኩበትን ሥራ እኔ ራሴ እየሠራሁ እንደሆነ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ጠዋት ያስገባሁትን ልጅ ሥራ ይዞኝ እስከ ምሳ ረሳሁት። አልቅሶ አልቅሶ ሲሰለቸው ዝም ብሏል። እንጨቱን ጨብጦ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ ድምፅ የለውም። ከልቅሶው ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። ከዚያ በኋላ ካውያ ስይዝና ደጅ ስወጣ ካልሆነ አላስገባውም ብዬ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፣ እስከ ዛሬም አልጣስኩትም።

ደሳለኝን የቀየረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ልጁን ለሱ ትቼ ልብስ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ ያብስራ ቤቱን ሲያተራምስ አገኘሁት፤ አባቱ በረቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተማሪ ፈተና ያርማል። ወረቀቱን ሊቀድብኝ ሲል ምን ላድርግ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አሰርሽው የሚል ነገር ከአፉ አልሰማሁም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩልሽ።

ጥር ሊገባ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ጨርቅ ተሸክመው መጡ። የልጅ ልጃቸው ልትዳር ነው፣ ቀሚስ ስፊልኝ ብለው። ገና ከመግባታቸው በረቱን አዩና፣ “ኧረግ! ይኼ ደሞ የምን በረት ነው?” አሉ። የሚነቅፉኝ መስሎኝ ካውያውን፣ ፍሙን፣ ሁሉን ለፈለፍኩ። እሳቸው ግን እንጨቱን በእጃቸው ዳበሱ። ቀጥለው፣ “ደግ አርገሻል ልጄ። እናትሽ ስታስርሽ እኔ ጨካኝ እላት ነበር። እኔ የኔው አሳዘነኝና ሳላስረው ቀረሁ” አሉኝ። የልጃቸውን የአዲሱን ግራ እጅ ታስታውሻለሽ፣ ጣቶቹ በእሳት ተጣብቀው የቀሩትን። ልጅ ሆነን አብሮት የተፈጠረ ነበር የሚመስለን። ሲወለድ እንደዚያ አልነበረም ለካ።

ያኔ መቀሱን አስቀመጥኩና ለማንም ያልነገርኩትን አወጣሁት። እናቴ ያን ቀን ተቀይማኝ ነው የሄደችው፣ ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች አልኳቸው። እትዬ ጥሩወርቅ አተኩረው አዩኝ።

“የቱን ቀን?”

“የክርስትናውን።”

“ምን ቅያሜ ትያለሽ፣ ላሟ ናት እንጂ!”

እምዬ፣ ላሟ ነበረች። እውነትም ላሟ ነበረች! ያን ቀን ማለዳ ጡቷ ወጥሮ፣ መተኛት መነሣት ጀምራ ነው ጥለሻት የመጣሽው። ድግሱ ላይ ስትቁነጠነጪ የነበረው ለሷ ነው። በሚኒባስ እስከ ጅጋ፣ ከጅጋም በእግር፣ መንገዱን ሁሉ በእኔ ቀልድ ስትስቂ እንደሄድሽ ነገሩኝ። አጠገብሽ ለተቀመጠው ለማታውቂው ሰው ሁሉ፣ ልጄ እንዴት እንዳሳደግኋት የረሳችው መስሎኝ፣ ለካ ለከተማ ሰው ታወራዋለች እያልሽ። ቤት ስትደርሱ የጥጃዋ ሁለት እግር ወጥቶ ነበር። ለክርስትናው የለበስሽውን ቀሚስ እንኳ ሳትቀይሪ አዋለድሻት። ይሄንን ለልጄ ብነግራት በሳቅ ትሞታለች ብለሽ ነበር አሉኝ፤ ግን ስለ ላሟ ስላልጠየቅኩሽ፣ የከተማ ሰው ለከብት ግድ የለውም ብለሽ ተውሽው።

ስቄ ስቄ አለቀስኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ደንግጠው ውኃ አመጡልኝ። ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ሸክም ነበር፣ እምዬ። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅሽ በዚያው ሳምንት የሚወርድ ሸክም። በራሴ ተናደድኩ፣ ግን ንዴቱ እንኳ ደስ ይል ነበር። የዚያን ቀን ማታ ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ፣ ነግቶ ፀሐይ ወጥታ ነው የነቃሁት።

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ነገር ሳይነግሩኝ አልሄዱም። መቀነቱን የምታስሪው ለክተሽ ነው፤ ከምሰሶው ተነሥቶ ደጃፉ ላይ ፀሐይዋ ድረስ ይደርሳል፣ ከምድጃው ግን ሁለት ስንዝር ይቀረዋል። እውነትም፣ እኔ የሚታወሰኝ እስራት አይደለም። የሚታወሰኝ የሞቀው ደጃፍና ጥሬ የሚለቅሙ ዶሮዎች ናቸው። ቋጠሮውም አንድ ጫፉን ሲስቡት የሚለቅ ነበር። ቤቱ ድንገት እሳት ቢነሣበት ማንም አላፊ ባንድ ስበት እንዲያወጣኝ። ልጁ ራሱ ጫፉን አግኝቶ የፈታ ቀን ደግሞ፣ ከእንግዲህ አእምሮ አለው ብለሽ ዳግመኛ አታስሪም። እኔ የፈታሁ ቀን እልል ብለሽ ጎረቤት ጠርተሽ ነበር አሉኝ።

ቋጠሮውን አሳዩኝ። መቀነትሽን ከሳጥኔ አወጣሁት፣ የበረቱን በር በሱ አሰርኩ። ከጥር ጀምሮ ከልጄ ጋር የሚውለው ያንቺ መቀነት ነው።

ዛሬ ጠዋት ካውያዬን ልለኩስ ብዬ አስገባሁት። ከሰሉን ሳራግብ ያብስራ ዝም አለ። ያ ዝምታ መስሎኝ ደንግጬ ዞርኩ። የልጅ ልጅሽ በእንጨቶቹ መካከል እጁን አውጥቶ፣ ምላሱን ጎልጉሎ፣ የመቀነቱን ጫፍ ይዟል። ላስጥለው እችል ነበር። አላስጣልኩትም። ማራገቢያዬን ይዤ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ሳበ፣ አልሆነም። ሌላውን ጫፍ ያዘ። ሳበ። በሩ ተከፈተ።

እልል አልኩ፣ እምዬ። ብቻዬን፣ በጠዋት፣ እንደ እብድ። ጎረቤቶች የሆነ ነገር የሆንኩ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ወደ ካውያዋ ይሄድ ይሆን ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት፤ እሱ አየት አደረጋትና ቡፍ አላት፣ እኔ እንዳስተማርኩት። ከዚያ መቀነትሽን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ደጃፉ ሄደ፣ ፀሐይዋ ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ።

በረቱን ከሰዓት በኋላ ያቺ ልጇን ያስገባችብኝ ጎረቤቴ ወሰደችው። ስንዝሩን፣ ካውያዋን፣ ከምሳ በፊት ማውጣቱን፣ ሁሉን ነግሬያታለሁ። መቀነቱን ግን አልሰጠኋትም። ቋጠሮውን ብቻ አሳየኋት።

መቀነቱን አጥቤ አስጥቻለሁ፤ ሲደርቅ ወገቤን እታጠቅበታለሁ። ያብስራ ሲያድግ በመቀነት እንዳሳደግሽኝ እነግረዋለሁ፣ በሰው ፊትም እነግረዋለሁ። ጮክ ብዬ፣ አንቺ በሚኒባስ ውስጥ እንዳወራሽው። እኔ እያለሁ አትረሺም፤ እሱ እያለም አትረሺም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት አለ። ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ወርጄ ራሴ አየኋት። ላምሽ ደህና ናት፣ እምዬ። ጥጃዋም አድጋለች፤ ጊደር ልትሆን ነው።

ልጅሽ