ከቁልቁለቱ የተሰረቀ ሃያ ደቂቃ

ለታላቅ ወንድሜ ለኤሊዮዶሮ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የቦነስ አይረስ ብርድ አልጸናባችሁም? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ማጎንበሱስ ወገብህን አልጎዳውም? ቫሌሪያናና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አለን፤ እማማንም ጉልበቷን ተሽሏታል። እኔን ግን ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ነገሩ የአባባ ነው። የሾፌሮች ማኅበሩ አዲስ ሊቀመንበር ዶን ሩፊኖ አባባ ሚኒባሱን የሚነዳበት መንገድ በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማለቅ አለበት ብሎ ወሰነ። አቀበቱ ስድሳ ኪሎ ሜትር፣ ቁልቁለቱም ስድሳ። ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው፣ «በሰዓት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ይወጣሉ፣ በስድሳ ይወርዳሉ፤ መካከሉ አርባ አምስት አይደል? መቶ ሃያውን ለአርባ አምስት አካፍይ!» አለኝ። አይ ድፍረት! አቀበቱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይበላል፣ ቁልቁለቱ አንድ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ! ተማሪዎቼ እንኳ አንዴ ካረምኳቸው ይህን አይደግሙትም።

ይባስ ብሎ በስብሰባ ፊት፣ «ሽማግሌው አቀበቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ለምድር እናት የመንገድ መባ አልኮል ሲያፈስ ነው የሚዘገየው» ብሎ አሳቀበት። እሱ ራሱ ሳያፈስ አልፎ የሚያውቅ ይመስል! አባባ አፈረ። ማክሰኞ ጠብታ ሳያፈስ፣ ሳይቆም አለፈ፤ በአርባ ዓመት ሾፌርነቱ አድርጎት አያውቅም። ያም ሆኖ ስንት ዘገየ? ልክ ሃያ ደቂቃ!

ሐሙስ ስብሰባቸው ገብቼ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰላሁላቸው። «መምህርት፣ እስቲ ፊዚክስሽ ጎማ ይቀይርልን!» ብለው ተሳለቁብኝ።

አሮጌው ሚኒባስ አቀበቱን ከሠላሳ በላይ አይወጣውም። ስለዚህ ለቁልቁለቱ የሚተርፈው አርባ ደቂቃ ነው። ስድሳ ኪሎ ሜትር በአርባ ደቂቃ ማለት በሰዓት ዘጠና ነው፣ ወንድሜ! በዚያ ጠመዝማዛ፣ ያ ሁሉ የሟች መስቀል በተተከለበት ገደል!

ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንስቶ የዘገየ ተራውን ይነጠቃል። ዛሬ አባባን ፍሬኑን ሲያስፈትሽ አገኘሁት። «ልጄ፣ ዘጠና ያልሽው እርግጥ ነው?» አለኝ። አዎ ስለው ጎማውን መታ መታ አደረገ። ሊሞክረው ነው። እነሱን ላሳፍር ያሰላሁትን ቁጥር እሱ ትእዛዝ አድርጎ ያዘው።

እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ይሰማሃል። ወሩ ሳያልቅ ደውልለት። ተራው ገደል ይግባ፣ አንተ ብቻ ዘግይተህ ግባልን በለው።

ቫሌሪያናን እቀፍልኝ፤ ሮሲዮንና ቶማሲቶን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማማ መርቃችኋለች። አባባም ሰላም ብሏችኋል፤ ይህን መጻፌን ግን አያውቅም።

እህትህ ኤውላሊያ
ኮልፓማዩ፣ ቦሊቪያ
ኦገስት 7 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.