የጋጋሪዎቹ ግቢና የሞህሩ ማኅተም

«መምህርት ሳኦዳት አእምሮዋን ስታለች፤ የምድጃውን ግቢ ለወንድሟ ልጅ ለኑስራት አስረክባለች፤ በሩ የተቆለፈውም ለዚሁ ነው» እየተባለ በፀጉር ቤቱና በገበያው መወራቱን ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። ግቢውን ለማንም አላስረከብኩም። በበሩ ላይ ጓጉንቸር ያንጠለጠለው ኑስራት ራሱ ነው፤ ያንጠለጠለውም እኔ በሳንባ ምች ታምሜ ሆስፒታል በተኛሁበት ሳምንት ነው። አእምሮዬን በሚመለከት፣ ይህን የሚጽፈው የቀድሞ ተማሪዬ ቶሊብ ገና ከመጀመሩ ሁለት ስሕተት አርሜለታለሁ።

እንግዲህ እኔ የሙሂዲን ልጅ ሳኦዳት፣ የኢስታራቭሻን ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ሰኞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019፣ ሰውነቴ ደክሞ ልቡናዬ ሳይደክም፣ በሰፈራችን የሃይማኖት መምህር በዶሙሎ ቁርቦንና በፀጉር አስተካካዩ በኡስቶ ሒክማት ፊት፣ ወራሼ ኑስራትም ተቀምጦ እየሰማ፣ የመጨረሻ ፈቃዴን እናገራለሁ።

ልጅ አልወለድኩም። ሸሪዓው እንደ ፈቃዴ እንድናዘዝ የሚፈቅድልኝ የሀብቴን ሲሶ ነው። ዶሙሎ ግምቱን አይተዋል፤ ግቢው ከሲሶው አያልፍም። መኖሪያ ቤቱ፣ የወይኑ ቦታና ምንጣፎቹ የኑስራት ናቸው። አልነፍገውም፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ግቢው ግን ከነጭቃ ምድጃው እዚያ ለሚጋግሩት ዘጠኝ ሴቶች በጋራ ይሁን። አንዷ ለብቻዋ ልትሸጠው አትችልም። አንዷ ስትሞት ተራዋ ለሴት ልጇ ይለፍ።

እዚህ ላይ ኑስራት ንግግሬን አቋረጠ፤ ቶሊብ ይህንንም ይጽፋል።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ የሠርግ አዳራሽ ልሠራበት ነው። ሴቶቹንም አልበትናቸውም፤ እዚያው እቀጥራቸዋለሁ።»

«ለምን ሥራ?»

«ሥራ ይጠፋል? ሳህን ማጠብም አለ።»

«ዘጠኝ ሳህን አጣቢ!» አለ ኡስቶ ሒክማት። «የማን ሠርግ ነው ጃል፣ የአሚሩ?»

«እርስዎ ጢም መላጨትዎን ይያዙ!»

«የአንተንም የምላጨው እኔ ነኝ፤ አንገትህን አስብ።»

ዶሙሎ ሁለቱንም ዝም አሰኙልኝ።

ምክንያቴን መናገር አለብኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ግቢዬን ለጋጋሪዎች ከፍቼ፣ ሂሳብ እያስተማርኳቸው ኖሬአለሁ። ኑስራትም በዚያን ጊዜ አነስተኛ ነጋዴዎችን በሚረዳ መሥሪያ ቤት የተረጂዎች መዝገብ ያዥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በየቤታቸው ለሚጋግሩ ሴቶች የኤሌክትሪክ ምድጃ አደለ። አንድ ግዴታ ነበረው፤ ተቀባይዋ የጭቃ ምድጃዋን ታፈርሳለች፤ በጭቃ ምድጃ ስትጋግር የተገኘች ደግሞ ከተረጂነት ትሰረዛለች።

ከሁሉ ቀድማ ያፈረሰችው ጎረቤቴ ሞህሩ ነበረች። መዶሻውን ይዛ፣ «አፓ ሳኦዳት፣ ከእንግዲህ ቅንድቤ ይበቅላል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለምን አልስቅ? እሳት ቅንድቧን ሲበላው የኖረች ሴት ናት።

ብርዱ ሲገባ መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ሆነ። ሞህሩ ለአንድ ሙሽራ ዳቦ ልትጋግር ቃል ሰጥታ ነበር። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ያለ ዳቦ ከአባቷ ቤት አትወጣም፤ የሠርግ ዳቦ ያስቀረች ጋጋሪንም ሁለተኛ የሚጠራት የለም። የእኔ ምድጃ ሦስት በር አልፎ እየነደደ ነበር። አልመጣችም፤ ከታየች ትሰረዛለችና። መብራት እስኪመጣ ሊጡ እንዳይቀዘቅዝባት የከሰል ማንደጃ ወደ ማድ ቤቷ አስገብታ መስኮቱን ዘጋች። ጠዋት ልጇ ሙኒራ አገኘቻት። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከገበታው ፈስሶ ነበር።

የሠርጉን ዳቦ በዚያው ዕለት ከቀብር ተመልሰን በእኔ ምድጃ ጋገርነው፤ ሊጡን እየወጋ የጋጋሪዋን ምልክት በሚተወው በእርሷ ማኅተምም አተምነው። የሞህሩ ቃል አልተበላም።

«እኔ እኮ አልሰርዛትም ነበር» አለ ኑስራት።

«ይህን ነግረሃታል?»

ቶሊብ፣ ጥያቄዬንም ጻፍ።

ስለዚህ ለሴቶቹም፣ ነጋዴ እንረዳለን ለሚሉም ሁሉ የምተወው ምክር ይህ ነው። የተረዳችው ሴት «እርዳታችሁ አልበጀኝም» ለማለት ከፈራች፣ እርዳታ አልሰጣችኋትም፤ አለቃ ሾማችሁባት እንጂ። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጎን ቆሞ አንድ ብርድ ሳያሳልፍ አሮጌውን አታስፈርሱ። ደግሞም እያንዳንዷ ጋጋሪ የራሷን ማኅተም ትያዝ። ዳቦ ወደ ዋና ከተማው በላክንበት ዓመት ለሁላችን አንድ ማኅተም አስቀርጸን ነበር፤ ዳቦው ኮምጥጦ ሲመለስ ሁላችንም ተሰደብን፣ የማን ዳቦ እንደሆነ ስላልታወቀ የታረመች ግን አልነበረችም።

የሞህሩን ማኅተም፣ ምስማሮቹ በኮከብ ቅርጽ የተተከሉበትን፣ ለሙኒራ ሰጥቻለሁ፤ ከዘጠኙ አንዷ እርሷ ናት። ሙኒራ እናቷ በሞተች ማግስት አምጥታ ደጃፌ ያስቀመጠችው የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኑስራት ይሁን። በቂም አይደለም። አዳራሽ በሌላ ቦታ ሲሠራ መግቢያው ላይ ያቁመውና «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው እንግዳ ይንገር።

ለሰደቃዬ በግ አይታረድ። ከፈኔ በሣጥኑ ውስጥ ተዘጋጅቷል።

ዶሙሎ ኑስራትን፣ «ልጄ፣ የበሩን ቁልፍ አስረክብ» አሉት። «ላስብበት» ብሎ መስማማቱን ሳይፈርም፣ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ወጣ። የሆነው እንደሆነ ይመዝገብ።

ተናዛዥ፦ ሳኦዳት ሙሂዲን፣ በእጄ ፈርሜአለሁ።
ሲነገር የሰማን፦ ዶሙሎ ቁርቦን፤ ኡስቶ ሒክማት።
የጻፈው፦ ቶሊብ።

ከፊርማው በታች ይህ ይጨመር። ነገ በሕይወት ከነቃሁ፣ አስቀድሜ ብረት ቀጥቃጩን አስጠርቼ በወንበር ተሸክመውኝ ወደ ግቢው እሄዳለሁ፤ ጓጉንቸሩ በፊቴ ይቆረጣል። ቀጥሎ ምድጃው በቀጭን እንጨት በዝግታ እንዲሞቅ አደርጋለሁ፤ ቀዝቅዞ የሰነበተ ጭቃ በድንገት ከነደደበት ይሰነጠቃል። ከዚያ ሙኒራ በእናቷ ማኅተም የመጀመሪያውን ዳቦ ታትማለች። እርሱም ሳይበርድ ለኑስራት ይላካል፤ ዛሬ ከማዕዴ ሳይቆርስ ወጥቷል።