የእትዬ ሐዋ ቁርቁራ

ገንዳ ውሃ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሐዋ፣

እንደምን ከርመዋል? ልጅዎ መሐመድ ይህን ሲያነብልዎት «ፈንቴ ደግሞ የትኛው ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። በ1991 አብደራፊ፣ እርስዎ ወጥ ቤት በነበሩበት የሰሊጥ እርሻ የሠራሁት፣ አፌ ይደማ የነበረው የጎጃም ልጅ ነኝ።

ሌሎቹ ሠራተኞች ገበያ እየወጡ ሎሚም ቲማቲምም ይቀምሱ ነበር። እኔ ስስታሙ ግን ከሐምሌ አረም እስከ ታኅሣሥ ከማሽላ እንጀራና ከሽሮ በቀር አልቀመስኩም። ድዴ አበጠ፤ ጥርሴ መነቃነቅ ጀመረ። ጓደኞቼ ይጋባል ብለው ከገበታ ለዩኝ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር።

እርስዎ ግን በሻሽዎ ጫፍ ቁርቁራ ቋጥረው መጡ። «ያ ወለድ፣ እንካ ነበቅ ብላ» አሉኝ፤ አንተ ልጅ፣ ቁርቁራ ብላ ማለትዎ ነበር። የእኛ አገር ሰው ቆላ የሚወርደው የበረሃ ፍሬ ወባ ይቀሰቅሳል ተብሎ ተመክሮ ነው። እጅዎን መታሁት። «ወባ ልትሰጪኝ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ፍሬውን ከመሬት ለቅመው ሄዱ።

በማግስቱ አጥበው መለሱት። ሳህኔ ላይ አፈሰሱና አጠገቤ ተቀምጠው ከዚያው ሳህን ይበሉ ጀመር።

«ወባ የምታመጣው ቢንቢ ናት። ከያዘንም እኩል ይያዘን፤ ብላ!»

በላሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላስቀሩብኝም። በሁለት ሳምንት ደሙ ቆመ፤ ጥርሴም ጸና።

ምክንያቱ የገባኝ ነርስነት ስማር ነው። ድዴን ያደማው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነበር፤ ቁርቁራ ደግሞ ይህ ቫይታሚን አለው፤ አንቲኦክሲዳንት ከሚሏቸው አንዱ ነው። ዝናብ ላይ ያደረ ማጭድ እንደሚዝገው የእኛም ሰውነት ከውስጥ ይጎዳል፤ እነዚህ ነገሮች ጉዳቱን ይከላከላሉ። መምህራችን ስለ ፈረንጅ እንጆሪ ሲያስረዳን እኔ የማስበው የእርስዎን ሻሽ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ድዱ የሚደማ የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያችን መጣ። ከመድኃኒቱ ጋር ቁርቁራ ብሰጠው «ዶክተር፣ ወባ እንዳይጥልብኝ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው በላሁ።

እትዬ ሐዋ፣ የመታሁት እጅዎ ተመልሶ ባይመጣ ኖሮ ምን እሆን ነበር? ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

የሠርጌን ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ። ፎቶ አንሺው አፍህን ግጠም ቢለኝ እምቢ ብዬው ነው። ጥርሴን ይቁጠሩት፤ ሁሉም አለ።

ልጅዎ ፈንቴ