ጎድሎ የመጣው ጸበል

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለእታለም ኮከብ፣ ሸህዲ

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? እኔ አለሁ። «አለሁ» የምልሽ ለደብዳቤ ማሟያ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ላልኖር ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማንም አታስነብቢ። መሠረተ ትምህርት ሂጂ ሲሉሽ እያለቀስሽ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነውና ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ነጋዴው ጀማሉ ጸበሉን አድርሶልኛል። እስላም ሆኖ ሳለ የማኅበረ ሥላሴን ጸበል በአንዷ አህያው ጭኖ፣ መንገድ ላይ አንድ ወታደር «ቤንዚን ነው» ብሎ ሊደፋበት ሲል ተደባድቦ ነው ያመጣው። ጀሪካኑ ግን እስከ ግማሹ ነበር። ፈሶበት ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት። መልእክትሽንም በቃሉ ነገረኝ፤ «ክኒንና ጸበል አይገናኝም። ክኒኑን ጥለህ ይህን ጠጣ» ብለሻል።

ስለ ክኒኑ በደንብ አልነገርኩሽም። ወንድማችን ጋረደው የሞተ ዕለት፣ ሽፍቶቹ ፋሽጋ፣ የምንሠራበት እርሻ ድረስ የመጡት እህል ፍለጋ ነበር፤ ረሃቡ ሰውን አውሬ አድርጎት ነበር። እኔን አፌን በሰደፍ ብለው ጣሉኝ። ታናሻችን የማሽላውን ጆንያ አልለቅም አለ፤ ከነጆንያው ተኮሱበት። ማሽላው በደሙ ሲቦካ እያየሁ ነው ነፍሱ የወጣችው። ያንኑ ማሽላ አፍሰው ወሰዱት፣ እርግማን ይብላቸው! እገድላቸዋለሁ ብዬ ማልኩ፤ ፈልጌ ፈልጌ አጣኋቸው። ቂሙ የሚያርፍበት ሲያጣ በራሴ ላይ ዞረ። ጠዋት ስነሳ «አንተስ ለምን ቀረህ? ሙት» የሚል ሐሳብ ቀድሞኝ ተነሥቶ ይጠብቀኛል።

የገዳሪፉ ሐኪም በአስተርጓሚ «ራስህን ልትገድል ታስባለህ?» ብሎ ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ አንገትጌውን ጨምድጄ ከግድግዳ አጋጨሁት። ሰውዬው አልጮኸም። ሸሚዙን አስተካክሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ያኔ አለቀስኩ። ማታ ማታ የምውጠውን ክኒን ሰጠኝ። አፍ ያደርቃል፣ ያንገላጅጃል፣ ቶሎም አይሠራም። እየቆየ ግን የዚያ ሐሳብ ድምፅ ቀነሰ፤ ኪስራ የሚሉት የዓረቡ ስስ ቂጣ እንኳ ይጣፍጠኝ ጀመር። «ሳትነግረኝ እንዳታቆም» ብሎኝ ነበር። አንቺ አቁም አልሽ፣ አቆምኩ። የእህት ቃል ይበልጥብኛል፣ ምን ላድርግ!

ዘንድሮ እግዜር ታርቆ ዘንቧል። ሰሊጡ ደርሶ፣ አፉን ከፍቶ እንዳይረግፍ ያለ እረፍት እናጭዳለን። ጎን ለጎን ተሰልፈን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ትልም ይዘን ስለምንሄድ አንድ ሰው ከጎደለ ወዲያው ያስታውቃል። ክኒኑን ካቆምኩ በኋላ እንቅልፌ ጠፋ፣ ያ ሐሳብ እየጮኸ ተመለሰ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ትልሜን ትቼ ሄድኩ። ወዴት እንደሆነ አልጽፍልሽም።

ከጎኔ የሚያጭደው ጓዴ አየነው ነው። ባዶውን ትልም አይቶ እየሮጠ ተከተለኝ።

«አንዳርጌ! ወዴት ነው?»

«አትከተለኝ! እቆርጥሃለሁ!»

«ቁረጠኛ!»

ቆረጥኩት እታለም። ክንዱን በማጭድ ሸረከትኩት፤ ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ይሸሻል ስል በጤነኛ እጁ አፌን በቡጢ አለኝ፤ ሽፍቶቹ ያነቃነቁት ጥርሴ ወለቀ። ተያይዘን ወደቅን። አስደግፈን ያቆምነው የሰሊጥ ነዶ ላያችን ላይ ተናደ፣ ፍሬው ከደሙ ጋር ገላችን ላይ ተለጠፈ። ነከስኩት። ደረቴ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ማጭዱን ስጠኝ።»

«ተወኝ አየነው። ልሙትበት ተወኝ።»

«አልተውህም! ጋረደውን በዚህ እጄ ቀብሬያለሁ። አንተን የምቀብርበት ጉልበት የለኝም። ይገባሃል? የለኝም!»

እያለቀሰ ነበር የሚመታኝ። ማጭዱን ለቀቅሁለት።

ሁለታችንንም በትራክተር ተጎታች ጭነው ሐኪም ቤት አደረሱን። ሐኪሙ የአየነውን ክንድ ሰፍቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና «ክኒኑን መቼ አቆምክ?» አለኝ። የጸበሉን ነገር ስነግረው አልሳቀም፤ «ውሃህን ማን ከለከለህ?» አለ። እዚህ ስደተኛውን የሚያናዝዙት አባ ገብረ ሥላሴማ በመቋሚያቸው ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው። «ጸበል መድኃኒት ጣል ያለው መቼ ነው? ጠዋት ጸበልህን፣ ማታ ክኒንህን!»

አሁን እንዲያ እያደረግሁ ነው። ክኒኑንም ማጭዴንም አየነው ይይዛል፤ እኔ ነዶ አስራለሁ። ማታ ክኒኗን ይሰጠኝና «አፍህን ክፈት፣ ልይ» ይለኛል፣ እንደ ጥጃ! ያ ሐሳብ ጨርሶ አልሄደም። ሲመጣ አየነውን «መጣ» እለዋለሁ። «ይምጣ፣ ቁጭ ብለን እንየው» ይለኛል። እስኪያልፍ አብረን እንቀመጣለን።

በአንቺ በጣም ተናድጄ ነበር። ጀማሉ ሲመለስ ጮኽኩበት። «እህቴ ልትገድለኝ ነው እንዴ? አንተስ ጸበሉን ደፍተህ ነው ግማሹን ያመጣህልኝ?»

«ወላሂ ጠብታ አልፈሰሰም! እፊቴ ለራሷ ቀንሳ ነው ያስቀረችው። ምን አሞሽ ነው ብላት ‹ምንም› አለች። ፊቷን ግን አላየኸውም፣ አንዳርጌ።»

እታለም፣ ምን አሞሽ ነው? ጋረደውን አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ለእኔ ይህን ሁሉ ስትልኪ ስለ ራስሽ አንድ ቃል አልላክሽም። ስለዚህ ሐኪሙ እንደጠየቀኝ እጠይቅሻለሁ። ራስሽን ልትገድይ ታስቢያለሽ?

ተናደጂ። ስደቢኝ፣ ደብዳቤውን ቅደጂው። ብትቀጂውም ደግሜ እጠይቅሻለሁ። መልስሽ «አዎ» ከሆነ ዛሬ ብቻሽን አትደሪ። ጎረቤትሽ ወለተ ማርያም ዘንድ ሂጂና «መጣ» በያት፤ አብራሽ ትቀመጥ። ከዚያ ከጀማሉ ጋር ነይ፤ አንዷን አህያ ሳይጭን ይዞልሽ ይመጣል። ሐኪሙ አንቺንም ይጠይቅሻል። አንገትጌውን ብትይዥውም ግድ የለም፣ ለምዶታል።

የጋረደውን ነፍስ በገነት ያኑርልን። እኔንና አንቺን ግን ለነገ ጠዋት ያድርሰን፤ ከነገ ወዲያውን ስንደርስ እንለምነዋለን።

ወንድምሽ
አንዳርጌ

ጸበሉን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምጠጣው። ድርሻሽን አስቀምጬልሻለሁ፤ መጥተሽ ጠጪው።